በሕይወት መኖሬ ይታወቅልኝ

ሰኞ፣ ጥር 13፣ ዳንግላ

ከወህኒ ቤት የመጣውን ጆንያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፍኩት። ግማሹ አቤቱታ የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ የተጻፈ ነው። ሁሉም ይሸታል፤ ጭስ፣ ላብ፣ እርጥብ ግድግዳ። ዳኛ አየነው በሩ ላይ ቆመው፣ «ጓዲት ስመኝ፣ እስከ ዓርብ አጣሪልኝ» አሉኝ። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ የክስ ምክንያትና የሚጠየቅ ዳኝነት ያለው ወደ እሳቸው፤ ሌላው ወደ መጣበት። የእስረኛ አቤቱታ ፍርድ ቤቱን አጨናነቀው ተብሎ ከበላይ ወቀሳ መጥቶባቸዋል።

መጠሪያዬ ረዳት ሬጅስትራር ነው። ሥራዬ ግን ከወንፊት አይለይም።

አንዱ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ ከሷል። እኔ ቤት በሌለሁበት ሚስቴን ያለ ሰዓቷ ይቀሰቅስብኛል ይላል። ሌላው ኑጉን የመታበትን በረዶ። አንዱ ደግሞ ማንንም አልከሰሰም፤ ስለ በሬው ብቻ ነው የጻፈው። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቀንዱ፣ ውኃ ሲጠጣ ስለሚያስነጥሰው ነገር። የሚጠይቀው ዳኝነት የለም።

ወደ መጣበት። ወደ መጣበት። የበሬውንም።

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ዓይኔ ይከደናል። ፊደሎቹ ከወረቀቱ ተነሥተው ክፍሉን እንደ ጉም ይሞሉታል። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ የማላውቃቸውን በሬዎች፣ የማላውቃቸውን በሮች አያለሁ። የሌላ ሰው ናፍቆት እንዲህ ሰው ላይ ይጋባል?

እንዲያ ሆኜ ነው ይኼኛውን ያነሣሁት። እዚህ ልገልብጠው፤

«ከሳሽ፦ ፈንታ አያሌው፣ የዘንገና ሰው፣ አሁን ዳንግላ ወህኒ ቤት። ተከሳሽ፦ ሞተ ያለኝ ሁሉ። የክስ ምክንያት፦ አልሞትኩም። የምጠይቀው ዳኝነት፦ በሕይወት መኖሬ ይታወቅልኝ፤ ባለቤቴ ሰምታ ትምጣና ትየኝ።»

ዘንገና። እኔ የተወለድኩበት ቆሰበር አጠገብ። ሐይቁ ዳር ስንት ቀን ተቀምጫለሁ።

ወደ መጣበት ከሚሄደው ላይ አኖርኩት። መልሼ አነሣሁት። አሁን ቤቴ ሆኜም እሱን ነው የማስበው።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ወረቀቱን ለዳኛ አየነው አሳየኋቸው። አነበቡት። መነጽራቸውን ጠርገው ደገሙት። ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ጨጓራቸውን ከታመሙ ወዲህ ፈገግታቸውና ሕመማቸው አይለይም።

«በሕይወት መኖር የክስ ምክንያት አይደለም» አሉ። «ተከሳሹስ ማነው? ሞተ ያለኝ ሁሉ? ላገር ምድሩ መጥሪያ ልናድል ነው?»

«ተለቅሶለት ከሆነስ?» አልኩ።

«ካለ አለ ነው። ያለን ሰው አለ ብዬ ምን እፈርዳለሁ?»

አንገቴን ደፍቼ ልወጣ ስል መልሰው ጠሩኝ። «የሚያሻሽለው ካለ ያሻሽል። ሄደሽ ጠይቂው። መጀመሪያ ግን ሰውየው መኖሩን እዪ።»

ደስ አለኝ። ወዲያው ፈራሁ። ወህኒ ቤት ደጃፍ የታየ ሰው በቀበሌ ስሙ ሳይነሣ አይቀርም። ቢጠይቁኝ ዳኛው ልከውኝ ነው እላለሁ። እውነቴን ነው።

ከቢሮ ስወጣ ወደ መተከል ሰፋሪ የጫኑ መኪኖች መንገዱን ሞልተውት አለፉ። ሰዎቹ ከላይ ሆነው ዝም ብለው ያዩናል። እኛም ዝም ብለን እናያቸዋለን። አቧራው ፊታቸውን ሁሉ አንድ አደረገው። ከነዚህ ውስጥ ባገሩ ሞቷል የተባለ ይኖር ይሆን? መኪኖቹ ካለፉ በኋላም አቧራው ሳይወርድ ቆየ፤ ፀሐይዋ በውስጡ እንደ ማር ቀልታ።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ሰውየው አለ።

ጥበቃው ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አገናኘን። ረጅም ናቸው፤ ጋቢያቸው አጥሯቸዋል። ዕድሜያቸው አምሳ ይሆናል። ከፍርድ ቤት ነኝ ስል ተነሥተው ቆሙ። የቆሰበር ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ደግሞ ተቀመጡ፤ በአገውኛ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። በአገውኛ ስመልስላቸው ፊታቸው ተፈታ። አማርኛ የሚናገሩት እንደ እንግዳ ሰው ነበር፤ በአገውኛ ሌላ ሰው ሆኑ። ጋሼ ፈንታ ነው ያልኳቸው።

የታሰሩት ለመንግሥት ኮታ መግባት የነበረበትን ገብስ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረዋል ተብሎ ነው። «ቀብሬያለሁ» አሉ። «እሱን አልክድም።» ስለ ሞታቸው ግን እንዲህ ነገሩኝ፤

«በፊት የነበርኩበት ወህኒ ቤት ሌላ ፈንታ አያሌው ነበረ። ግምጃ ቤት የሚባለው አገር ሰው። የሱም አባት የሞተ ልጁን ምትክ ብሎ ነው ስሙን ያወጣለት፤ እንደኔው። ስም ሲጠራ ሁለታችንም አቤት እንላለን፤ እስረኛው ይስቃል። ጎን ለጎን ነበር የምንተኛው። ኋላ ተስቦ ገባ። እኔን ዘለለና እሱን ያዘው። በእጄ ላይ አለፈ፤ ዓይኑን የከደንኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ እኔን ወደዚህ አዛወሩኝ። ባለቤቴ ጠጂቱ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ፣ የለችም። ሰው ላክሁ፣ የለችም። ጨከነችብኝ ብዬ ተቀየምኳት። አሁን በቅርቡ አንድ የዘንገና ሰው ታስሮ መጣ። በር ላይ ሲያየኝ አማተበና ወደ ኋላው ሸሸ።»

ሰውየው እንደነገራቸው፣ መርዶው የሄደው ለዘንገናው ፈንታ ቤት ነው። ስም አንድ፣ የአባት ስም አንድ። ተለቅሷል፣ አርባው ወጥቷል፤ የሙት ዓመቱ ተዝካር ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ። ጋሼ ፈንታ የላኩትን ሰው፣ ድግስ ሸትቶት የመጣ አጭበርባሪ ነው ብለው ከደጅ መልሰውታል።

«የሰው ቃል አላመኑም» አሉኝ። «የዳኛ ማኅተም ቢያምኑ ብዬ ነው።»

«ማንን ልክሰስ ይላሉ ታዲያ?»

«ማንንም። ሰው ሳልከስ ዳኛ ፊት መቆም አይቻልም?»

«ክስ ብለው ጽፈዋላ።»

«እስረኛ ሌላ ምን ብሎ ይጽፋል?»

ልሄድ ስነሣ እየሳቁ፣ «ተዝካሬ ከተበላ በኋላ ብመጣ፣ የበላው ሁሉ ያፍርብኛል» አሉ። ሳቁ ግን ከዓይናቸው አልደረሰም።

ወደ ቤት ስመለስ እግሬ መሬት የረገጠ አይመስለኝም ነበር። ከሞተ ሰው ጋር ስለ እናቴ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ዘንገና ጉም ሳወራ ውዬ መምጣቴ ነው። አልቀዘቀዘኝም። አልፈራሁም።

ሐሙስ፣ ጥር 16፣ ቆሰበር

ትንሽ ድል። ትንሽም አይደለም።

ጠዋት ለዳኛ አየነው ሁሉንም ነገርኳቸው። ሌላ ጊዜ አሳጥሪው ይሉኝ ነበር፤ ዛሬ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ብዕራቸውን አንሥተው ክስ የሚለውን ቃል ሰረዙና በላዩ «ማመልከቻ» ብለው ጻፉ።

«ማመልከቻ ተከሳሽ አይፈልግም» አሉ። «ሰው የሚያውቀው ግን ይፈልጋል። ሚስትየዋ ቀርባ ይኼ እሱ ነው ትበል። ነገ ከሰዓት በኋላ።»

ነገ! መጥሪያ በመልእክተኛ ቢላክ ሳምንት ይፈጃል። ይኼንን ስናገር ገርመም አድርገው አዩኝ፤ «ያገርሽ መንገድ ጠፋሽ?» አሉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

በቀትሩ አውቶቡስ መጣሁ። መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። ባሕር ዛፉ፣ ቀርከሃው፣ የታጨደው ማሳ፣ ሜዳው ላይ የሚግጡት ፈረሶች፣ ሁሉም ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ውስጤ የሚሄዱ መሰለኝ። መጥሪያውን ደረቴ ላይ ይዤ ተኛሁ። ረዳቱ ቆሰበር ሲል ነው የነቃሁት።

እናቴ ለምን እንደመጣሁ ስነግራት፣ «የምሥራች ነው ወይስ መርዶ?» አለችኝ። ምን ማለቷ ነው? የምሥራች ነው አልኳት።

ዓርብ፣ ጥር 17

ብዙ ነው። ከየት ልጀምር።

ጠዋት ዘንገና ስደርስ ሐይቁ አይታይም ነበር። ጉሙ ከአፍ እስከ አፍ ሞልቶታል፤ ዛፎቹ ከነሥራቸው ተንሳፍፈዋል። ከማዶ ላም ስታገሣ ይሰማል፣ ላሟ ግን የለችም። በጠባቡ መንገድ እያለፍኩ የእትዬ ጠጂቱን ቤት ጠየቅኩ። «የተዝካሩ ቤት?» አሉኝ።

ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። ጋኖች ተደርድረዋል፣ ጌሾው ይሸታል። እትዬ ጠጂቱ ከል ለብሰው ከመካከል ቆመው ያዛሉ። ጥግ ይዤ ነገርኳቸው። ጋሼ ፈንታ ዳንግላ መኖራቸውን፣ በዓይኔ ማየቴን፣ ያነጋገሩኝን። መጥሪያውንም አነበብኩላቸው።

አልጮኹም። ቁልቁል ከላቸውን አዩት፤ የሌላ ሰው ልብስ እንደሆነ ሁሉ።

«ሙት በሕልም ይመጣል» አሉኝ ቀስ ብለው። «አባቴ ይመጣል። እናቴ ትመጣለች። እሱ አንድ ቀን አልመጣም። ተቀይሞኝ ነው እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ይቅር በለኝ ስለው ከረምኩ።»

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሳቁ። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ዞረው አዩን።

አውቶቡሱ ውስጥ እስከ ዳንግላ ድረስ እጄን ይዘውኝ ነበር። አልለቀቁኝም።

ዳኛ አየነው ቢሮ ጋሼ ፈንታን ከጥበቃ ጋር አስገቧቸው። ባልና ሚስቱ ተያዩ። እትዬ ጠጂቱ የመጀመሪያ ቃላቸው «ከስተሃል» የሚል ነበር።

«ይኼ ሰው ማነው?» አሉ ዳኛው።

«ባሌ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ጌታዬ፣ ሞተ ሲሉኝ ነው እንጂ ያላወቅኩት፣ እሱንማ አውቀዋለሁ።»

ዳኛው ጻፉ። አመልካቹ በሕይወት መኖሩ በባለቤቱ ቃል ተረጋግጧል። ማኅተሙን እፍ አሉበትና ደህና አድርገው ረገጡት። ሲፈርሙ ፈገግ ያሉት ዛሬ ጨጓራቸው አልነበረም።

ጥበቃው ደግ ሰው ነው፤ ግቢው ውስጥ ትንሽ እንዲቀመጡ ፈቀደላቸው። እትዬ ጠጂቱ ከመቀነታቸው ቆሎ አውጥተው እፍኝ ሰጧቸው። እኔ ራቅ ብዬ ነበርኩ፤ እሳቸው ግን ነይ ብለው ጠሩኝ። ሲጠሩኝ ፊታቸው ተለውጧል።

«ታዲያ ዓመት ሙሉ የለቀስኩት ማንን ነው?» አሏቸው ባላቸውን።

ጋሼ ፈንታ ቆሎውን ያዙት እንጂ አልበሉትም። የግምጃ ቤቱን ሰው ነገሯቸው።

«ሚስት ነበረችው?»

«ውዴ፣ ውዴ ይል ነበር። ስሟ ይሁን ፍቅሩ፣ አልጠየቅኩትም።»

«እስከ ዛሬ እየጠበቀችው ነው እኮ» አሉ እትዬ ጠጂቱ።

እኔ ይኼን አላሰብኩም ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ ግምጃ ቤት የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ግን እንደ ሩቅ ቦታ ስም ብቻ ነበር። እናቴ ግን ገና ሳልጨርስላት ገብቷት ነበር።

ጋሼ ፈንታን ጥበቃው መልሶ ወሰዳቸው፤ እኔ ከእትዬ ጠጂቱ ጋር ተመለስኩ። ይኼን የምጽፈው እናቴ ቤት ነው። ውጭ ሳይጨልም ልጨርስ።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ዘንገና ዋልኩ። እንግዳው ከየአቅጣጫው መጣ፤ ገና አጥሩ ጋ ሲደርስ ሊያለቅስ ፊቱን ያዘጋጃል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደጃፍ ቆሞ የዳኛውን ወረቀት ጮክ ብሎ ያነባል። አንዳንዷ ሴት እልል ትላለች። አንዳንዱ ሽማግሌ ማኅተሙን በጣቱ ነካክቶ ያያል። ያን መልእክተኛ ከደጅ የመለሰው የእትዬ ጠጂቱ ወንድም አንድ ጥግ ይዞ ቀኑን ሙሉ ቀና አላለም።

ግን ድግሱስ? ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ ጠጂቱ ከመካከል ቆመው፣ «ለሙት የተጠመቀ ለሕያው አይጠጣም» አሉ። «ሙት ደግሞ አለ። ለግምጃ ቤቱ ሰው ይሁን። ዕንባውን የከፈልኩለት እኔ ነኝ፣ ተዝካሩንም እኔ አወጣለታለሁ።»

ሰው ሁሉ ይሁን አለ። የንስሐ አባታቸው ግን፣ «የክርስትና ስሙ ማነው?» አሉ። «ፈንታ ብዬ አልጸልይም። ፈጣሪ በዚያ ስም አልተቀበለውም።»

ማንም አያውቅም። ዳንግላ የቀሩት ጋሼ ፈንታም አያውቁትም፤ ወህኒ ቤት ውስጥ በክርስትና ስም ማን ይጠራራል?

ሰው በላ፣ ጠጣ፤ ለማን ብሎ እንደበላ ግን ግራ እንደገባው ነበር። አንዳንዱ ይዘፍንና ወዲያው ያፍራል። ቄሱ አንዱን ጋንና የተባረከውን ዳቦ ሳይነኩ አስቀመጡ፤ ስሙ እስኪገኝ።

ሲመሽ ጉሙ እንደገና ከሐይቁ ተነሥቶ ግቢው ድረስ መጣ። ሰዎቹ በጉሙ ውስጥ ወደየቤታቸው ሲሄዱ መጀመሪያ እግራቸው፣ ቀጥሎ ነጠላቸው ጠፋ። ድምፃቸው ብቻ ቆየ።

ነገ ከእትዬ ጠጂቱ ጋር ግምጃ ቤት እንሄዳለን። ስሙን ለመጠየቅ። ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ መንገር አለብን።

እሑድ፣ ጥር 19

ከቅዳሴ መልስ ደረስን። በእግር ነው የሄድነው፤ መንገድ ላይ አንድ ጋሪ ትንሽ አሳፈረን። እትዬ ጠጂቱ ከላቸውን አላወለቁም። «እስከ ዛሬ የለበስኩት በስሕተት ነው፣ የዛሬው ግን ልክ ነው» አሉኝ።

ውዴ ስሟ ነው። የፈንታ አያሌው ቤት ብለን ስንጠይቅ፣ «የውዴ ቤት?» አሉን። ወጣት ናት፤ ከኔ ብዙ አትበልጥም። አጥሯ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከል የለበሰች ሴት ወደሷ ስትመጣ አየች። አልተነሣችም።

እኔ መናገር አልቻልኩም። ስንቱን ወረቀት ሳነብ የምውል ሰው። እትዬ ጠጂቱ ናቸው አጠገቧ ተቀምጠው የነገሯት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳይዘሉ። ውዴ ዳር ዳሩን ሣር እየነቀለች ሰማች። ሲጨርሱ ወደኔ ዞረች።

«የሳቸው ባል ሞተ ተብሎ ነበር?»

«አዎ።»

«አለ ግን።»

«አዎ።»

«ታዲያ የኔስ?»

እትዬ ጠጂቱ ትከሻዋን ያዙ። «ልጄ፣ ዓይኑን የከደነለት የኔው ባል ነው።»

«እሱስ ሞቷል ተብሎ አልነበር?» አለች። «የሞተ ሰው ምስክር ይሆናል?»

እትዬ ጠጂቱ ትከሻዋን አልለቀቁም። የክርስትና ስሙን ስንጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። «ስሙን ከሰጠኋችሁ ትቀብሩታላችሁ» አለች። ከዚያ ወደኔ፣ «ለሳቸው ባል የተጻፈውን ለኔም ጻፊልኝ» አለችኝ።

ጻፍኩላት። ጉልበቴ ላይ፣ ከቦርሳዬ ወረቀት አውጥቼ። አመልካች፣ ውዴ። ባለቤቴ ፈንታ አያሌው በሕይወት መኖር አለመኖሩ ተመርምሮ ይታወቅልኝ። በብዕሬ ቀለም አውራ ጣቷን ቀብቼ አስፈረምኳት። ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር፤ ያን ያህል ፀሐይ ላይ ተቀምጣ።

ከዚያ ውኃ አመጣችልን፣ ትኩስ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አቀረበችልን። እየበላን ስለ ባሏ አንድ አንድ ነገር እትዬ ጠጂቱን ትጠይቃለች። ስለ ዝናብና ፀሐይ እንደምትጠይቅ ዓይነት፣ ሳታያቸው። ውኃ ይጠጣ ነበር? ይበርደው ነበር? እትዬ ጠጂቱ የሚያውቁትን ይመልሳሉ፤ የማያውቁትን፣ «ባሌን እጠይቅልሻለሁ» ይላሉ። ድንቹ ሲያልቅ ጥያቄውም አለቀ። ሦስታችንም ከአጥሩ ማዶ የሚያልፈውን የገበያ መንገድ አየን፤ እሑድ ስለሆነ ማንም አልነበረበትም።

ተነሣን። አጥሩን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ውዴ እየሮጠች መጣች። የመጣችው ወደኔ አልነበረም። የእትዬ ጠጂቱን አንገት አቅፋ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር አለች። አጭር ነው፤ አንድ ቃል ወይ ሁለት። እትዬ ጠጂቱ ግንባሯን ሳሟት። ያን ጊዜ ነው ውዴ ያለቀሰችው።

ወረቀቱን መልሽልኝ ትለኛለች ብዬ ቆምኩ። አላለችኝም። እንዲያውም በዕንባዋ መካከል፣ «መቼ ይታይልኛል?» አለችኝ። ለዳኛው ነገ አቀርበዋለሁ አልኳት።

በመንገድ እትዬ ጠጂቱን ምን አለችዎ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ለቄሱ የሚሉት ነው፤ ለኔ አይደለም። ወረቀቱ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አመልካች አለው፣ ምክንያት አለው፣ የሚጠይቀው ዳኝነት አለው። አጣርቼ የምጥለው ነገር አላገኘሁበትም። ዳኛ አየነው ምን እንደሚሉ አላውቅም። እኔስ ምን እንዲሉ ነው የምፈልገው?